የድሮውን የጊታር ድምፅ በባለ ቫልቭ ኦቨርድራይቭ ፔዳል ማውጣት፦ ከሶኬቱ እስከ ጣታችሁ

ባሕር ዳር ላይ ጊታር የምንጫወት ሰዎች ስንገናኝ ወሬው ዞሮ ዞሮ እዚያው ላይ ያርፋል። ያ የድሮው ድምፅ እንዴት ነው የሚወጣው? አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቋቋመው አምሐ ሪከርድስ የወጡትን ሸክላዎች ስሙ። ቆየት ብለው የመጡትን የአይቤክስና የሮሃ ባንድ ቅጂዎችም ስሙ፤ የሰላም ስዩም ጊታር እንዴት ከዘፋኙ ጋር እንደሚነጋገር ልብ በሉ። በዚያ ዘመን ቅጂዎች ላይ ጊታሩ ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ንጹሕ አይደለም፤ እንደ ሄቪ ሜታልም አይጮኽም። ጠርዙ ላይ ሻከር ይላል። ጣት ጠንከር ሲል ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ጣት ሲላላ ደግሞ ይለሰልሳል።

እኔ የምኖረው ዓባይ ማዶ ነው። ማታ ማታ ሐይቅ ዳር ሊድ ጊታር እጫወታለሁ። ይህን ድምፅ ለዓመታት ፈልጌዋለሁ፤ ያገኘሁትም ባለ ቫልቭ ኦቨርድራይቭ ፔዳል (ድምፁን የሚያሻክር፣ በእግር የሚረገጥ ትንሽ ሳጥን) ገዝቼ ሳይሆን ከገዛሁት በኋላ ጌኑን (ሲግናሉ ምን ያህል እንደሚጎላ የሚወስነውን ቁልፍ) መቀነስ ስማር ነው። ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ፔዳሉን ይገዛሉ፣ ጌኑን እስከ ጥግ ያዞራሉ፣ ከዚያ ተራ ዲስቶርሽን ሆነባቸው ብለው ይሸጡታል። ስለዚህ ከሶኬቱ ጀምረን እስከ ጣታችሁ ድረስ እንሂድ።

ቫልቩ ምን ይሠራል?

ቫልቭ አየር የወጣለት ትንሽ ጠርሙስ ነው። አንዳንዱ ሰው ቲዩብ ይለዋል፤ ያው ነው። ውስጡ የጋለ ብረት አለ፣ ከሱ ኤሌክትሮን ይፈልቃል፣ መሃል ላይ ግሪድ የምትባል የሽቦ ወንፊት ሆና ፍሰቱን ትቆጣጠራለች። ድሮ አያቶቻችን ቤት የነበረው፣ ከፍተውት እስኪሞቅ የሚጠብቁት ሬድዮ የሚሠራው በዚሁ ነበር። ፔዳል ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው 12ኤኤክስ7 ነው፤ አውሮፓ ውስጥ ኢሲሲ83 ይባላል። አንዱ ጠርሙስ ሁለት ማጉያ ይይዛል።

የጊታሩ ሲግናል ሲበዛበት ቫልቩ ሞገዱን በመቀስ እንደመቁረጥ አያደርገውም፤ ቀስ እያለ ያጎብጠዋል። ያውም ከላይና ከታች እኩል አይደለም፤ አንዱ ጎን ቀድሞ ይጎብጣል። በዚህ የተነሳ ከምትመቱት ኖታ በላይ ያለው ኦክታቭ ብቅ ይልና ድምፁን ያወፍረዋል። በዳዮድ (ጅረትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፍ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል) የሚሠራ ዲስቶርሽን ግን የሞገዱን ጫፍ ቶሎ ይከረክመዋል፤ ጆሮ ላይ የሚወጋው እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የነበሩት ትልልቅ አምፖች፣ ፌንደር ባስማን በሉት፣ ቮክስ ኤሲ30 በሉት፣ የባስማንን ሰርኪት ተከትሎ የተሠራው የመጀመሪያው ማርሻል ጄቲኤም45 በሉት፣ ሁሉም ባለ ቫልቭ ናቸው። ያ ጣፋጭ ሻካራነት የሚመጣው ቮሊዩማቸው ሲከፈት ነው። እነሱን ከፍቶ መጫወት ደግሞ የኛ ሰፈር ቤት አይችለውም፤ ጎረቤት አለ፣ ሕፃን የሚያስተኛ ሰው አለ። ፔዳሉ ያንን ጠባይ በዝቅተኛ ድምፅ ይሰጣችኋል። ሁሉንም አይሰጥም፣ ግን ብዙውን ይሰጣል።

ስትገዙ

ስሙ ላይ ቲዩብ የሚል ቃል ስላለ ብቻ ቫልቭ አለው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የአይባኔዝ ቲዩብ ስክሪመር ውስጡ ቺፕና ዳዮድ ነው፤ ቫልቭ የለውም። ምርጥ ፔዳል ነው፣ እወደዋለሁ፣ ግን ዛሬ የምናወራው ስለሱ አይደለም። ሌላም አለ። አንዳንድ ፔዳል ከጠርሙሱ ጀርባ ብርቱካናማ ኤልኢዲ መብራት ይቀመጥበትና የጋለ ይመስላል። ስለዚህ መብራቱን አይታችሁ አትግዙ።

መፈተኛው ቀላል ነው። ፔዳሉ ቀዝቅዞ ሳለ ሰኩትና ወዲያው ኦቨርድራይቩን ረግጣችሁ ምቱ። ቫልቩ በእውነት ሥራ ላይ ካለ መጀመሪያ ምንም አይሰማም ወይም ደከም ያለ ድምፅ ይመጣል፤ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ድምፁ እያበጠ ይመጣል። በሰከነ ሁኔታ ለመጫወት አንድ ሁለት ደቂቃ ስጡት። ገና ስትሰኩት ሙሉ ድምፅ ከሰጠ፣ ሻካራነቱን የሚያመጣው ሌላ ነገር ነው።

ሁለት ዓይነት እንዳለም እወቁ። አንዱ ቫልቩን በትንሽ ቮልቴጅ የሚያሠራ ነው። ቶሎ ይጎብጣል፣ ድምፁ ፈዘዝ ያለና ወፍራም ነው። ሁለተኛው ውስጡ ቮልቴጁን ወደ 200 እና 300 ከፍ የሚያደርግ ነው፤ ይሄኛው ለጣት ይበልጥ ይታዘዛል። አቅም ካላችሁ ሁለተኛውን ፈልጉ። የመጀመሪያውም ቢሆን በልኩ ከተያዘ የድሮ ድምፅ ይሰጣል፤ እኔ የጀመርኩት በሱ ነው።

መብራቱን መጀመሪያ አስተካክሉ

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልጻፍ፣ ምክንያቱም እኛ አገር ግማሹ ችግር ያለው እዚህ ነው።

የፔዳሉን ጀርባ ገልብጣችሁ አንብቡ። አራት ነገር ፈልጉ፦ ስንት ቮልት እንደሚፈልግ፣ ኤሲ ነው ወይስ ዲሲ፣ ስንት ሚሊአምፔር፣ ዲሲ ከሆነ ደግሞ ፖዘቲቩ መሃል ነው ወይስ ውጪ። ባለ ቫልቭ ፔዳል ሆዳም ነው። የ12ኤኤክስ7 ማሞቂያ ብቻውን በ6.3 ቮልት ሲሠራ 300 ሚሊአምፔር ይወስዳል፤ በ12.6 ቮልት ሲሠራ 150። ለተራ ፔዳል የሚሆነው ትንሹ የ9 ቮልት አዳፕተር 100 ወይም 200 ሚሊአምፔር ብቻ የሚሰጥ ከሆነ አይበቃውም። ቫልቩ በደንብ አይሞቅም፤ ድምፁ የሞተ ይሆናል። ስለዚህ ከሌሎች ፔዳሎች ጋር በአንድ ገመድ አትቀጥሉት፤ የራሱን አዳፕተር ስጡት።

ኤሲ የሚፈልገውን ፔዳል በዲሲ አዳፕተር አትሞክሩ። ዲሲ የሚፈልገው ላይ ኤሲ ከሰካችሁ ደግሞ ልታቃጥሉት ትችላላችሁ። ከአሜሪካ ዘመድ የላከላችሁ ከሆነማ ስፒናውን ሳትሰኩ አንብቡ። እዚያ 120 ቮልት ነው፣ እኛ ጋ 220። አዳፕተሩ ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ከተጻፈ ችግር የለም፤ 120 ብቻ ካለ ግን ማሳነሻ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። አንድ ጓደኛዬ ይህን ሳያይ ሰክቶ፣ ፔዳሉ አንዲት ኖታ እንኳ ሳይጫወት ጭስ አወጣ። ስፖንሰር አድርጎ የላከለት ወንድሙ ነበር፤ ለሳምንት ያህል ስልክ መደወል አፈረ።

የመብራቱ መውረድና መውጣትም አለ። አንድ ማታ ሐይቅ ዳር ስንጫወት ድምፄ እንደ ጨርቅ ለሰለሰብኝ። ቫልቩ ያረጀ መስሎኝ ነበር። መልቲሜትር ሶኬቱ ላይ ሳስገባ ከ200 በታች ነው የሚያነበው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትንሽ ስታቢላይዘር ይዤ ነው የምወጣው፤ ክብደቱ ያስቸግራል፣ ግን ድምፄ በየምሽቱ አንድ ነው። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲነሳ ደግሞ ወዲያው አትሰኩ። እስኪረጋጋ ጠብቁ።

ሃም የሚሉት ጉርምርምታ ሌላው ራስ ምታት ነው። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ጉርምርምታው በ50 እና በ100 ኸርዝ ይመጣል፣ ይህም ከሶል ኖታ ብዙም የራቀ አይደለም። ሶል ላይ ሙዚቃ ስትጫወቱ ከሥር ሳይቋረጥ እንደሚዘልቅ ኖታ ተደብቆ ይኖራል፤ ቶኑን ስትቀይሩ ነው ሙልጭ አድርጎ የሚያጋልጣችሁ። ቤቱ ውስጥ የቢራ ፍሪጅ ካለ ከሱ ጋር አንድ ዲቫይደር ላይ አትሰኩ። አምፑንና ፔዳሉን አንድ ሶኬት ላይ ሰኩ። ጉርምርምታ ለማጥፋት ብላችሁ የስፒናውን ኧርዝ በፍጹም እንዳትቆርጡ፤ የጊታር ክር የምትነኩት በባዶ እጃችሁ ነው፣ ማይክ ደግሞ ከንፈራችሁ ላይ አለ። በዚህ ሰው ይሞታል።

አሰካክ

ጊታር፣ ቱነር፣ ዋው ካላችሁ ዋው፣ ከዚያ ባለ ቫልቭ ፔዳሉ፣ ከዚያ ትሬሞሎ፣ ዲሌይ (ድምፁን አዘግይቶ የሚመልሰው)፣ መጨረሻ ላይ ሪቨርብ (የሚያስተጋባው)። ሪቨርቡን ከኦቨርድራይቩ በፊት ካደረጋችሁት ቫልቩ የሪቨርቡንም ጅራት ያጎብጠዋል፣ ሁሉ ነገር ጭቃ ይሆናል። ኬብላችሁ ከ6 ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ረጅም ኬብል ከፍተኛውን ድምፅ ይበላል።

ጌኑን ማግኘት

አሁን ዋናው ነገር መጣ። አምፑን ንጹሕ አድርጉት። ባስ ከ10 ውስጥ 4፣ ሚድ 6፣ ትሬብል 5 ላይ አስቀምጡና ፔዳሉን አጥፉት። ጊታሩ ላይ ቮሊዩሙም ቶኑም 10 ይሁን። ለዚህ ሥራ የአንገቱ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ሲግናል የሚቀይረው ማግኔት) ደስ ይለኛል፤ የድልድዩ ፒክአፕ ቶሎ ይጮኻል።

ፔዳሉን ክፈቱ። ጌኑ ዜሮ፣ ቶኑ ግማሽ። ሌቭሉን እያዞራችሁ ፔዳሉ ሲበራና ሲጠፋ የድምፁ ከፍታ እኩል የሚሆንበትን ቦታ ፈልጉ። ይህን አትዝለሉት። የጮኸ ነገር ሁሉ ለጆሮ ጥሩ ይመስላል፤ ሳታስተካክሉ ካወዳደራችሁ የምትመርጡት ድምፅን ሳይሆን ጩኸትን ነው።

ከዚያ ሦስተኛውን ክር ይዛችሁ አንድ ኖታ ለስለስ አድርጋችሁ ምቱ። ቀጥሎ ያንኑ ኖታ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ። አሁን ሁለቱም ንጹሕ ናቸው። ጌኑን በጣም ትንሽ አዙሩ፣ እንደገና ምቱ። እንዲህ እያላችሁ ቀጥሉ። ጌኑ ሲሶ አካባቢ ሲደርስ አንድ ነገር ይሰማችኋል፦ ለስላሳው ምት አሁንም ንጹሕ ነው፣ ጠንካራው ግን መጀመሪያው ላይ ቅንጣት ታህል ይሰነጠቅና ወዲያው ይሰበሰባል። ጆሯችሁን አምፑ ጋ አስጠግታችሁ አድምጡት። እዚያው ላይ አቁሙ። እጃችሁ ይጨምር ይጨምር ይላችኋል፤ እምቢ በሉት።

የድሮው ድምፅ ያለው እዚህች ጠባብ ቦታ ላይ ነው። ከዚህ በታች ቫልቩ ተኝቷል። ከዚህ በላይ ለስላሳውም ጠንካራውም ምት እኩል ይሻክራል፣ ያኔ ጣታችሁ የሚናገረው ነገር ይጠፋል። ትዝታ የምትጫወቱ ከሆነ ይህ ልዩነት ከምንም በላይ ያስፈልጋችኋል።

በመጨረሻ የጊታሩን ቮሊዩም ወደ 7 አውርዱ። ያ የናንተ መደበኛ ቦታ ይሁን። ዘፋኙ ሲዘፍን 5 እና 6 ላይ ሁኑ፤ ንጹሕ ሆናችሁ ከሥር ትሸኙታላችሁ። ሶሎ ሲመጣ በትንሿ ጣታችሁ ወደ 9 ግፉት። ፔዳል መርገጥ አያስፈልግም። ቮሊዩም ስትቀንሱ ድምፁ ከታፈነባችሁ ችግሩ የጊታሩ የውስጥ ሽቦ አሠራር ነው፤ ቮሊዩሙ ላይ አንድ ትንሽ ካፓሲተር በስታኞ ማስበየድ ይበቃል፣ ሬድዮ የሚሠራ ሰው በአሥር ደቂቃ ይጨርሰዋል።

ቅኝትና ኦቨርድራይቭ

ይህን በሌላ አገር ሰው መመሪያ ውስጥ አታገኙትም፤ ለኛ ግን ወሳኝ ነው። ቫልቭ ሁለት ኖታ በአንድ ላይ ሲገባበት የሁለቱን ድምርና ልዩነትም ይፈጥራል። ዶ እና ሶልን አንድ ላይ ብትመቱ ልዩነታቸው ከዶ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለ ዶ ነው፤ ስለዚህ ያምራል፣ ይወፍራል። ዶ እና ሬ ቤሞልን አንድ ላይ ብትመቱ ግን ይንቀጠቀጣል፣ ይጋጫል።

ስለዚህ በትዝታ ሜጀር፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ላይ፣ ሁለት ክር አንድ ላይ መምታት ትችላላችሁ፤ ብዙ አይጋጭም። አንቺሆዬ ላይ፣ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ ሲሆን፣ ሁለት ቦታ ላይ ግማሽ ድምፅ የሚራራቁ ኖታዎች አሉ። እነሱን አንድ በአንድ ተጫወቱ። የመጀመሪያውን ኖታ ጣታችሁን አንስታችሁ ዝም አሰኙትና ወደ ቀጣዩ እለፉ። አምባሰልም ዶ እና ሬ ቤሞል ስላለው እንደዚያው። ባቲ ሜጀር ላይ ሚ እና ፋ ተጠንቀቁ።

መጀመሪያ ንጹሕ ጊታር ላይ ዜማውን አጥኑት። ጣታችሁ ክሮቹን መዝጋት ካልለመደ ፔዳሉ ስንፍናችሁን አጉልቶ ያሳያል። የጎጃም አዝማሪዎች ማሲንቆ ላይ ኖታውን እንዴት እንደሚያንሸራትቱት ሰምታችሁ ከሆነ፣ ይቺን ጠባብ የጌን ቦታ ካገኛችሁ በኋላ ያንን መንሸራተት ሞክሩት። አንድ ክር ላይ፣ አንድ ጣት፣ ሳትቸኩሉ። ጠንከር ብላችሁ ጀምራችሁ ስትንሸራተቱ ሻካራነቱ እየጠፋ ኖታው ንጹሕ ሆኖ ያልቃል። እኔ ይህን ያገኘሁት አንድ ክረምት ከሰዓት ላይ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የራሴን ድምፅ ለመስማት አምፑ ሥር ተቀምጬ ነበር። ያችን አንዲት ሐረግ ሳልሰለች ደጋግሜ ተጫወትኳት።

አምፕ ከሌለ

ብዙ ቤቶች ውስጥ የጊታር አምፕ የለም፤ በቀጥታ ሚክሰር ላይ ነው የምንሰካው። ያኔ ኦቨርድራይቩ እንደ ንብ ይጮኻል። ፔዳሉን አትውቀሱት። የጊታር አምፕ ስፒከር ከ5000 ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ በጣም ይቀንሳል፤ የቤቱ ትልልቅ ስፒከር ግን ሁሉንም ያወጣዋል። የሚቻል ከሆነ የስፒከር ድምፅ የሚያስመስል ካቢኔት ሲሙሌተር ያለበት ፔዳል መጨረሻ ላይ ጨምሩ። ካልሆነ ሚክሰሩ ላይ ያለውን ሰው ከ5000 ኸርዝ በላይ እንዲያወርድላችሁና 100 አካባቢ ደግሞ በትንሹ እንዲቀንስ ጠይቁት። የፔዳሉን ቶንም ወደ ሲሶ አውርዱ። ከፔዳሉ ወደ ሚክሰሩ በዲአይ ቦክስ (የጊታር ሲግናልን ለሚክሰር በሚያመቻች ትንሽ ሳጥን) ግቡ።

አምፕ ካለና ማይክ የሚያደርጉላችሁ ከሆነ፣ ማይኩ የስፒከሩ መሃል ላይ አይሁን። ከመሃሉ ወደ ጠርዝ ጥቂት ጣት ያህል አሽሹት። መሃሉ ሹል ነው።

ማጣፈጫ

ክሩ ንጹሕ ኒኬል ቢሆን፣ ውፍረቱም 10 ወይም 11 ቢሆን ድምፁ ይሞላል። ዲሌይ ካላችሁ 100 ሚሊሰከንድ አካባቢ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚመልስ፣ በጣም ዝቅ ያለ። ሪቨርብ የስፕሪንግ ዓይነቱን ምረጡ፤ ከሩብ አትለፉ።

ቫልቩን መቀየርም ይቻላል። ጌኑን ዝቅ ብታደርጉትም ቶሎ የሚሰነጠቅባችሁ ከሆነ ከ12ኤኤክስ7 ይልቅ ዝቅ ያለ ማጉያ ሞክሩ። 12ኤኤክስ7 ወደ 100 የሚጠጋ የማጉላት ቁጥር አለው፤ 12ኤዩ7 ከ20 አይበልጥም፤ 12ኤዋይ7 በመሃል 40 እና ከዚያ ትንሽ በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የተሠራው ፌንደር ባስማን መጀመሪያው ላይ 12ኤዋይ7 ነበረበት፤ የዚያ አምፕ ልስላሴ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እግሮቻቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ አንዱ በሌላው ቦታ ይገባል። ከመንቀላችሁ በፊት ስፒናውን አውጡ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፣ ከዚያ ቀጥ አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ ሳቡት። ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚጠቀመው ፔዳል ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ለጊዜው ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ካቻቢቴም ጣትም አታስገቡበት። ቫልቩ ከውጭ የማይደረስ ከሆነ ባለሙያ ይክፈተው።

ሲያስቸግር

ፔዳሉን ስትረግጡ ጭል የሚል የደወል ድምፅ ከመጣ ቫልቩ ማይክሮፎኒክ ሆኗል። በእርሳስ ጫፍ ጠርሙሱን ነካ ነካ አድርጉት፤ በስፒከሩ ጎልቶ ከተሰማ ቀይሩት። ቅጠል እንደሚረገጥ ዓይነት ድምፅ ከሰማችሁ ቫልቩን ከመጠርጠራችሁ በፊት እግሮቹንና ጃኮቹን እዩ። ሐይቅ ዳር እርጥበት አለ፣ በተለይ በክረምት፤ ጃክ ቶሎ ይዝጋል። በኮንታክት ክሊነር ጠረግ ጠረግ አድርጉና ኬብሉን ብዙ ጊዜ አስገብታችሁ አውጡ።

ማታ ሥራ ሲያልቅ መጀመሪያ የምነቅለው የፔዳሉን ስፒና ነው። ኬብል እየጠቀለልኩ፣ ጊታሩን እያበስኩ ቢያንስ አሥር ደቂቃ አቀዘቅዘዋለሁ። ትኩስ ቫልቭ በባጃጅ ጉድጓድ ለጉድጓድ ሲንገጫገጭ ውስጡ ያለው ቀጭን ብረት በቀላሉ ይጎዳል። ከዚያ በጨርቅ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌው ድልድዩን እሻገራለሁ።